የዱባይ ሜትሮ ካርድ፦ ቀዩ፣ ሲልቨሩ ወይስ ጎልዱ?

ዱባይ ለዕቃ የሚሄድ ጓደኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የሆቴል ዋጋ ነው። ቀጥሎ ደግሞ «ሜትሮ ላይ የትኛውን ካርድ ልግዛ?» ይለኛል። በስልክ መደጋገሙ ስለሰለቸኝ እዚህ ልጻፈው። ለቸኮለ ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ሲልቨሩን ግዙ። ሂሳቡን ማየት የፈለገ ይቀጥል።

የዱባይ ሜትሮ የሚከፈልበት ካርድ ኖል ይባላል። አራት ዓይነት አለ፦ ቀይ፣ ሲልቨር፣ ጎልድና ሰማያዊ። ሰማያዊው ስምና ፎቶ ያለበት ነው፤ 70 ድርሃም ያስከፍላል። እዚያ የሚኖር ሰው ያውጣው። ለሳምንት ሸመታ የሄደ ሰው ግን በሱ አይልፋ።

ቀዩ ከወረቀት የተሠራ ቲኬት ነው። ዋጋው 2 ድርሃም። ሰዉ የሚሸወደው እዚች ላይ ነው። ሲልቨሩ 25 ነው ሲባል «ቀዩ በስንት ጣዕሙ!» ይልና ሁለቷን ድርሃም ይመዛል። ግን ከ25ቱ 19ኙ ካርዱ ላይ የሚቀመጥ የጉዞ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ለካርዱ የከፈላችሁት 6 ድርሃም ብቻ ነው። ማነጻጸር ያለባችሁ 2ን ከ25 ጋር ሳይሆን 2ን ከ6 ጋር ነው።

አሁን ወደ ጉዞው ዋጋ እንምጣ። ከተማው በ7 ዞን ተከፍሏል፤ የምትከፍሉት በጣቢያ ብዛት ሳይሆን በዞን ነው። በሲልቨር በአንድ ዞን ውስጥ 3 ድርሃም፣ ሁለት ዞን ከሆነ 5፣ ከዚያ ካለፈ 7.5። በቀዩ ደግሞ 4፣ 6 እና 8.5። በየጉዞው አንድ አንድ ድርሃም ይጨምራል ማለት ነው። አስሉት፦ አራት ጊዜ ስትሳፈሩ ቀዩ 2 እና 4፣ በድምሩ 6 ድርሃም ተጨማሪ በላ። ከሲልቨሩ ጋር እኩል ሆኑ። ከአምስተኛው ጉዞ ጀምሮ ቀዩ የያዘ ሰው በየመግቢያው አንድ ድርሃም እየጣለ ነው የሚሄደው። ዕቃ ሊገዛ የሄደ ሰው ደግሞ አምስት ጉዞ በሁለት ቀን ይጨርሳል።

ዋጋው ብቻ ቢሆን እሰየው። ቀዩ ላይ ዞኑን አስቀድማችሁ መርጣችሁ ነው የምትሞሉት፤ ቢበዛም 10 ጉዞ። ያውም ሁሉም አንድ ዓይነት። በ90 ቀን ጊዜው ያልፋል። ለሜትሮ የሞላችሁት ለአውቶቡስ አይሆንም። በሲልቨር ግን ከሜትሮ ወርዳችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ አውቶቡስ ከተሳፈራችሁ እንደ አንድ ጉዞ ይቆጠራል። ይቺን ብዙ ሰው አያውቃትም፤ ገንዘብ የምታተርፈው ግን እሷ ናት።

«ታዲያ የቀን ፓሱስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ቀኑን ሙሉ ያለ ገደብ የሚያስኬደው ፓስ 20 ድርሃም ነው። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በቀን ሦስቴ ከሄዳችሁ በሲልቨር 22.5 ስለሚሆን ፓሱ ያዋጣል። ዴይራ፣ ማለትም የድሮው የገበያ ሰፈር ውስጥ 3 ድርሃም እየከፈሉ ለሚመላለሱ ግን ሰባት ጊዜ ካልተሳፈሩ ኪሳራ ነው። ለመዝናናት የመጣ፣ ጠዋት ማሪና ከሰዓት ቡርጅ ኻሊፋ የሚል ሰው ያስብበት። ነጋዴ ይተወው።

ጎልዱ የሚሸጠው እንደ ሲልቨሩ በ25 ነው፤ እሱም 19 ሂሳብ አለው። ልዩነቱ የጉዞው ዋጋ ላይ ነው፦ 6፣ 10፣ 15። ልክ እጥፍ። ምን ታገኛላችሁ? ሰፋ ያለ ወንበርና ሰው ያልበዛበት ፉርጎ። ባቡሩ ያው ነው፣ የሚደርሰውም እኩል ነው። በሥራ መውጫ ሰዓት መጨናነቁ ከባድ መሆኑን አልክድም፤ ቢሆንም ለሃያ ደቂቃ መቀመጫ እጥፍ አልከፍልም። ሴቶች ደግሞ ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ቦታ አለላችሁ፤ ያለ ጭማሪ ነው። ወንዱ ተሳስቶ እዚያ ከገባ 100 ድርሃም ይቀጣል። ያለ ጎልድ ካርድ ጎልድ ፉርጎ የገባም እንደዚያው።

ሲልቨሩን አመሰገንኩት እንጂ እንከን የለውም አላልኩም። አንደኛ፣ ከኦገስት 2024 ጀምሮ የጣቢያው ቲኬት መስኮት ላይ ከ50 ድርሃም በታች አይሞሉም። ነገ የሚመለስ ሰው 50 ሞልቶ ምን ሊያደርገው? እዚያ አትሰለፉ፤ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ማሽን ትንሽ ትንሽ ሙሉ። ሁለተኛ፣ ስም ስለሌለበት ከጠፋ ገንዘቡም አብሮ ጠፋ። ስለዚህ ብዙ አትሙሉበት። ግን ባዶም አታድርጉት፤ ለደርሶ መልስ 15 ድርሃም ያህል ይኑርበት።

ሦስተኛው ነገር የሚያናድደኝ ነው። ካርዱ የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው። ይህ ጥሩ ነበር፤ የተረፋችሁን ሂሳብ ይዛችሁ ተመልሳችሁ በሚቀጥለው ጉዞ ትጠቀሙበታላችሁ። ችግሩ ያገለገለ ካርድ የሚሸጡ አሉ። አንዲት ዘመዴ ሆቴሏ በር ላይ ከአንድ ደላላ «ሂሳብ ያለው» ሲልቨር በ40 ድርሃም ገዛች። ጣቢያ ሄዳ ብታስነካው በሩ አልከፈት አላት። ካርዱ ጊዜው አልፎበታል፤ ደላላውም ስልክ አያነሳም። የካርዱን ፊት አይቶ ዕድሜውንም ሂሳቡንም ማወቅ አይቻልም። አዲሱ እዚያው ጣቢያ በ25 እየተሸጠ ከሰው እጅ የሚገዛበት ምክንያት አይታየኝም። ዘመድ በስጦታ ቢሰጣችሁም መጀመሪያ ማሽን ላይ ፈትሹት።

ታክሲ ጋር ማወዳደር ለሚፈልግ፦ ከኤርፖርት የሚነሳ ታክሲ ቆጣሪው 25 ድርሃም ላይ ነው የሚጀምረው። ጎማው ሳይዞር የሲልቨር ካርዱ ዋጋ ሄደ ማለት ነው። መንገድ ላይ የክፍያ በር ካለፈም እሱ ሂሳባችሁ ላይ ይደመራል። ሜትሮው ተርሚናል 1 እና ተርሚናል 3 ላይ ጣቢያ አለው። ዴይራ የምታርፉ ከሆነ ቀዩን መስመር ይዛችሁ ዩኒየን ላይ ወርዳችሁ ወደ አረንጓዴው ትቀይራላችሁ፤ ባኒያስ ስኩዌርም ወርቅ ገበያውም በአረንጓዴው መስመር ላይ ናቸው። በተርሚናል 2 የምትገቡ ግን እዚያ ሜትሮ የለም። ሰዓቱንም እዩ፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት (5 AM) ይጀምራል፣ እሁድ ግን ጠዋት 2 ሰዓት (8 AM) ላይ ነው የሚከፈተው። እሁድ ማለዳ በረራ ያለው ሰው ሜትሮ እይዛለሁ ብሎ እንዳይቀር።

ከዴይራ ወደ ውሃው ማዶ፣ ወደ ቡር ዱባይ ሰፈር ለመሻገር ብቻ ከሆነ ደግሞ ሜትሮም አያስፈልግም። በውሃው ላይ የምትሄደው አብራ ጀልባ አንድ ድርሃም ናት። ከሁሉም የረከሰችው እሷ ናት፤ ነፋሷም በነፃ።

ስትመለሱ ግን ነገሩ ይቀየራል። ሜትሮ ውስጥ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣ ነው፤ አንድ ትልቅ ቢበዛ 81 በ58 በ30 ሴንቲሜትር፣ አንድ ትንሽ 55 በ38 በ20። በፕላስተር የተጠቀለለ ካርቶን ተሸክማችሁ አትድከሙ። በመጨረሻው ቀን ታክሲ ያዙ፤ ወይም ዕቃውን ለካርጎ ሰጥታችሁ ባዶ እጃችሁን በሜትሮ ሂዱ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ውስጥ ገብታችሁም ምንም አትብሉ፣ ውሃም ቢሆን አትጠጡ፤ ቅጣቱ 100 ድርሃም ነው።

ድራገን ማርት፣ ኢንተርናሽናል ሲቲ ያለው ትልቁ የቻይና ዕቃ ገበያ ለምትሄዱ፦ እስካሁን ሜትሮ አይደርስም። ወደ ኢንተርናሽናል ሲቲ የሚሄደው ሰማያዊ መስመር እንዲከፈት የታቀደው በ2029 ነው። እስከዚያ በሜትሮ ትሄዱና ቀሪውን በአውቶቡስ ትጨርሳላችሁ፤ ያቺ የ30 ደቂቃ ነገር የምትጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ስትሳፈሩም ስትወርዱም ሲልቨሩን ማስነካት አትርሱ።