ፋይፎክስ፦ ልኬቱ የሱ፣ ማርኩ የኔ

የላብ ቀን ሲመጣ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። ተማሪ 48፣ ስቶፕዎች 3፣ ከሦስቱ አንዱ ባትሪ የለውም። ከአንድ ቡድን አንዱ ይለካል፣ አንዷ ትጽፋለች፣ የቀሩት አራቱ ወሬያቸውን ይሰልቃሉ። በመጨረሻ ስምንት ሪፖርት ይደርሰኛል፤ የእጅ ጽሑፉ እንጂ ይዘቱ አንድ ነው። እኔም እያወቅኩ ማርክ እሞላለሁ።

ፋይፎክስ የሚባለውን አፕ የሞከርኩት ከዚህ ጣጣ ለመውጣት ነው። ጀርመን አገር የአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ክፍል ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ለቀቀው። ነጻ ነው፤ በአንድሮይድም በአይፎንም ይሠራል፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስልክ ውስጥ ያሉትን ሴንሰሮች ወደ መለኪያ ይቀይራቸዋል። ሁለት ዓመት ተጠቀምኩበት። ወድጄዋለሁ፣ ግን አንድ ነገር ላይ ከሱ ጋር ተጣልቻለሁ።

ፔንዱለሙን ልንገራችሁ። ስልኩን በከረጢት አድርገህ በገመድ ታንጠለጥለዋለህ። ስታወዛውዘው ጋይሮስኮፑ፣ ማለትም መዞርን የሚለካው ሴንሰር፣ ይከታተለዋል። የገመዱን ርዝመት ካስገባህለት አፑ ራሱ የስበትን ዋጋ አስልቶ ያቀብልሃል። ጸቡ እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ ቁጥሩን ገልብጠው ይቀመጣሉ፤ ያሰበ ሰው የለም። ስለዚህ የተዘጋጀውን ሙከራ ከለከልኩ። የጋይሮስኮፑን ጥሬ ግራፍ ብቻ ከፍተው የ10 ውዝዋዜ ጊዜ ከግራፉ ላይ እንዲያነቡ፣ ይህንንም በአምስት የተለያዩ ርዝመቶች እንዲደግሙ አደረግኩ።

አንዱ ቡድን በ40 ሳንቲሜትር ገመድ የስበትን ዋጋ 8.3 አገኘ፤ የሚጠበቀው 9.8 ገደማ ነው። «ቲቸር፣ እዚህ ክፍል ስበት ይቀንሳል እንዴ?» አለኝ አንዱ። ዝም አልኩ። የፔሬዱን (የአንድ ውዝዋዜ ጊዜ) ካሬ ከርዝመቱ ጋር በግራፍ ሲያስቀምጡት ስሎፑ (የመስመሩ ዝንባሌ) 4 አካባቢ ወጣ፤ 4π² ለዚህ ሲካፈል ደግሞ ወደ 9.8 ይመልሳል። መስመሩ ግን ዜሮን አልነካም፣ ከላይ አለፈ። ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቁ። በኋላ አንዷ ሜትሩን አንስታ ስልኩን ለካች። ለካ ርዝመቱን የለኩት እስከ ስልኩ ጫፍ ነው እንጂ እስከ መሐሉ አይደለም! 7 ሳንቲሜትር ጎድሏል። ያ ቡድን ከ10 ዘጠኝ አገኘ። 9.81ን እንከን በሌለው ሰንጠረዥ ያመጣው ሌላ ቡድን አምስት አገኘ፤ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው ማስረዳት አቅቶት ነው።

አሁን ማርክ የምሰጠው እንዲህ ነው። ለመጨረሻው ቁጥር 1 ብቻ። የተቀረው ለዕቅዱ፣ ለግራፉ፣ ስህተቱን ለመግለጽ። ሁለቱን ማርክ ደግሞ ቆሜ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥያቄ ጠይቄ እሰጣለሁ። «ገመዱን እጥፍ ብታረዝመው ፔሬዱ ስንት ይሆናል?» እጥፍ የሚለኝ ብዙ ነው። 1.4 ጊዜ ገደማ ያለኝ ልጅ ሙከራውን በእጁ ባይነካም ገብቶታል። መረጃውን ወደ ኤክሴል አውጥተው ስለሚልኩልኝ መኮራረጅም ከበደ፤ ሁለት ቡድን እስከ አራተኛው አሃዝ አንድ ዓይነት ቁጥር ካመጣ ወሬው አለቀ።

የድምፅ ፍጥነት ላቡ ሌላ ትርምስ ነው። ሁለት ስልክ 5 ሜትር ተራርቀው ይቀመጣሉ። አንዱ ከመጀመሪያው ስልክ አጠገብ ያጨበጭባል፣ በድምፅ የሚነሱትና የሚቆሙት የአፑ ሰዓቶች ይነሳሉ። ሌላው ከሁለተኛው አጠገብ ያጨበጭባል፣ ይቆማሉ። የሁለቱ ሰዓት ልዩነት ድምፁ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው፣ 0.03 ሰከንድ ገደማ። በወረቀት ላይ ያምራል። ስምንት ቡድን በአንድ ክፍል ሲያጨበጭብ ግን የአንዱ ጭብጨባ የሌላውን ሰዓት ያቆማል። ሜሴጅ የገባበት ስልክም ራሱን አስነሳ። አሁን ሁለት ሁለት ቡድን ብቻ ወደ ሜዳ አወጣለሁ፤ ስልኮቹም ኤርፕሌን ሞድ ላይ ናቸው። መሐል ቆመው ያጨበጨቡ ልጆች ልዩነቱ ዜሮ ስለሆነባቸው «ድምፅ ጊዜ አይፈጅም» ብለው ጽፈው ነበር። ያንን ወረቀት አስቀምጬዋለሁ።

የስልክ ልዩነት ግን ያሳስበኛል። ጋይሮስኮፕ የሌለው ስልክ አለ፣ ጥራቱም ይለያያል። ልጅ በቤተሰቡ ስልክ ማርክ ማጣት የለበትም። ስለዚህ በቡድኑ ውስጥ አንድ የሚሠራ ስልክ ከተገኘ ይበቃል። በዋይፋይ የስልኩን ስክሪን በኮምፒውተር ብራውዘር ማየት ስለሚቻል፣ ስልክ የሌላቸውም ጭምር ሁሉም እያየ ይሠራል። ከረጢቱ ደግሞ ዚፕ ያለው ይሁን። ለምን እንደምል ማያ ገጹ የተሰነጠቀበትን ስልክ ባለቤት መጠየቅ ትችላላችሁ።

ለሜካኒክስና ለድምፅ ሳላቅማማ ውሰዱት እላለሁ። ለኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ግን አይሆንም፤ ስልክ በራሱ ቮልት አይለካም። በሚቀጥለው ሳምንት የኦም ሕግ ነው። እስከዚያው ያረጁትን ቮልትሜትሮች ከካርቶን አውጥቼ፣ መርፌያቸው ዜሮ ላይ የሚቆመውንና የማይቆመውን እየለየሁ ነው።