የድስት ክዳን ይዛ ወለል ላይ ለተቀመጠችው አሰልጣኛችን

የአምስት ዓመት ልጃችን ኦቲዝም አለበት። እስካሁን የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። እኔን፣ ባለቤቴንና እናቴን ያሰለጠነችን ሴት ምስጋና ይገባታል። ስሜን እንዳታወጣ ስላለችኝ አሰልጣኛችን እያልኩ ልቀጥል።

ስልጠናው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች ክህሎት ስልጠና ነው። ከ2 እስከ 9 ዓመት ያሉ፣ የእድገት መዘግየት ወይም እክል ያለባቸውን ልጆች ለሚያሳድግ ቤተሰብ የተሰናዳ ነው። 9 ጊዜ በቡድን እንማራለን፣ 3 ጊዜ ደግሞ አሰልጣኟ ቤት ድረስ ትመጣለች። ለመስጠት የግድ ስፔሻሊስት መሆን አያስፈልግም። የእኛዋ ራሷ የኦቲዝም ልጅ እናት ናት። አንድ ወላጅ «ምን በድዬ ነው?» ብሎ ሲያለቅስ ምክር አታዘንብበትም። ሶፍት ታቀብለውና ትጠብቃለች።

ልጃችን የድስት ክዳን ማሽከርከር ነፍሱ ነው። ቤታችን ስትመጣ ጫማዋን አውልቃ አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሌላ ክዳን አንስታ አሽከረከረች። «ስምህ ማነው?» የለ፣ «እስቲ እየኝ» የለ። «ዞረ!» ብቻ አለች። ክዳኑ ሲወድቅ ዝም ብላ ጠበቀች። ልጁ ቀና ብሎ ፊቷን አየ። ከዚያ ክዳኑን አንስቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት። እናቴ በር ላይ ቆማ እልል ልትል ምንም አልቀራት። የመጀመሪያው ትምህርት እንግዲህ ይሄው ነበር፦ ልጁ የወደደውን ተከተሉ፣ ቃሉን አሳጥሩ፣ ጠብቁ። መጠበቁ ሲወራ ቀላል ይመስላል እንጂ አንጀት ይጨርሳል።

ካልሲ ማልበስ ደግሞ ሌላው ጦርነታችን ነበር። ሥራውን ከፋፍላ አሳየችን። እኛ ካልሲውን ተረከዙን አሳልፈን እናለብሰዋለን፣ የመጨረሻዋን መሳብ ለእሱ እንተዋለን። እሷን ሲችል ካልሲውን ከተረከዝ በታች እናደርስና ቀሪውን ለእሱ እንተዋለን። አሁን አንዳንዴ ገልብጦም ቢሆን ብቻውን ያጠልቀዋል።

በተለይ እናቴን የያዘችበት መንገድ ይገርመኛል። ጎረቤት «ቡዳ ነው»፣ «እርግማን ነው» ሲላት ትሸማቀቅ ነበር። አሰልጣኛችን ጸበሉን ይተዉ አላለቻትም። «እማማ፣ ጸበሉንም ይውሰዱት፣ ልምምዱም አይቅር» አለቻት። ዛሬ ለቡና የመጣ ሰው ልጁ ሲጮህ ካፈጠጠ መልስ የምትሰጠው እናቴ ናት። እኛ ዕድሉንም አናገኝ።

ሳልደብቅ ልናገር፣ ስልጠናው መድኃኒት አይደለም። ኦቲዝምን አድናለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ ሽሹ። ትምህርት ቤትም አያስገባላችሁም፤ «አንችለውም» ብሎ የመለሰን ትምህርት ቤት መልሱ ዛሬም ያው ነው። ሰዓቱ ለሠራተኛ አይመችም። ከእኛ ቡድን አባት እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቶች፣ «ሥራ በዛብኝ» የምትለዋን እኛው ለእኛው አናውራት፣ እንተዋወቃለን።

አዲስ አበባ ያላችሁ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ወይም ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን ስለ ወላጆች ስልጠና ጠይቁ። ጆይን እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ። ዛሬ በሕይወት ባይኖሩም ለብዙዎቻችን በር ከፍተው አልፈዋል። ክፍለ ሀገርና ውጭ አገር ያላችሁ፣ እንግሊዝኛ የምታነቡ ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጠው ስልጠና አለ። አያትም፣ አክስትም፣ ሞግዚትም ይማሩ። ልጁ አብሯቸው የሚውለው እነሱ ናቸውና።

አሰልጣኛችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ቤታችን ስትመጪ ያልጠጣሽው ቡና አለብን። ጥያቄ ያላችሁ ወላጆች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ እመልሳለሁ።