በደብረ ብርሃን ለሕፃናት የሚሰጥ የጭንቀት ሕክምና፦ የአንድ ወላጅ ግምገማ

ኦቲዝም ያለበትን ልጄን በደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የጭንቀት ሕክምና ሳስከታትለው ቆይቻለሁና፣ በሰሜን ሸዋ ተመሳሳይ አገልግሎት ለሚፈልጉ ወላጆች ይጠቅም ዘንድ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሕክምናውን ከመጀመራቸው በፊት ልጁ የሚፈራውንና ሰውነቱን በእርግጥ የሚያሳምመውን ለይተው መመዝገባቸው ነው። ልጄ ፀጉሩን መቆረጥ አይችልም ነበር። ባለሙያዋ ጉዳዩን ለሁለት ከፈሉት፦ አንደኛው መቼ እንደሚያበቃ አለማወቁ፣ ሁለተኛው የቶንዶሱ ድምፅና ንዝረት። ለመጀመሪያው የቆረጣውን ሂደት በተራ የሚያሳዩ ሥዕሎች ተዘጋጁለት፤ ፀጉር ቤቱ ሰው በማይበዛበት ሰዓት እየሄደም መጀመሪያ አባቱ ሲቆረጥ ተመለከተ፣ ቀጥሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ለሁለተኛው ግን «ይልመደው» ያለ ሰው አልነበረም፤ ቶንዶሱ በመቀስ ተተካ፣ የጆሮ መከለያም ተደረገለት። ደረጃ በደረጃ ማለማመድ የሚጠቅመው ልጁ የፈራው ነገር እንደማይደርስበት በራሱ ሲያይ ነው፤ ድምፁ በየጊዜው የሚያሳምመው ከሆነ ግን የሚማረው መፍራቱ ትክክል እንደነበር ብቻ ነው። ዘመድ ጎረቤት ቅብጠት የሚለው ይህ የስሜት ሕዋሳት ልዩነት፣ ማለትም ድምፅ ወይም ንክኪ ከሌላው ሰው በተለየ መልኩ መሰማቱ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ ሆኖ ተቀምጧል፤ በልጄ ላይ የወረደው ተግሣጽ ሁሉ ያለ አግባብ እንደነበር ይህን ሳውቅ ገባኝ።

የደብረ ብርሃን ብርድ የሚታወቅ ነው፤ ልጄ ደግሞ የሱፍ ልብስ ቆዳውን ሲነካው ያለቅሳል። ባለሙያዋ ይህንንም ጠይቀው ከሹራቡ ሥር ለስላሳ የጥጥ ልብስ እንዲለብስ መከሩን፤ የጠዋቱ ጭንቀት በዚህ ብቻ በግልጽ ቀንሷል።

የምክሩ አሰጣጥም መልካም ነው። «ምን ተሰማህ?» ብሎ መጠየቅ ለልጄ ከባድ ስለሆነ፣ የፍርሃቱን መጠን በቀለማት መሰላል ላይ በጣቱ ያመለክታል፤ በመካከል ዕረፍት አለ፤ ወላጅም አብሮ ይገባል። እነዚህ ማስተካከያዎች በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ ከሚመክራቸው ጋር ይስማማሉ።

ቅር ያሰኘኝ የመጠበቂያ ክፍሉ ነው። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ የፍሎረሰንት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ልጄ ወደ ሕክምናው የሚገባው ተረብሾ ነው። ውስጥ ያን ያህል ጥንቃቄ የሚያደርግ ክሊኒክ ደጃፉን እንዲህ መተዉ ያሳዝናል፤ ቴሌቪዥኑን መዝጋት ወጪ የለውም። የንግግር ሕክምና ባለሙያም የላቸውም፤ ለዚያ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው።

ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ አገልግሎቱን ለሌሎች ወላጆች እመክራለሁ። ቀጠሮ ስትይዙ ክፍሉ ገና ጸጥ ያለበትን የጠዋቱን የመጀመሪያ ተራ ጠይቁ፤ ልጃችሁ የማይወዳቸውን ድምፆች፣ ሽታዎችና ልብሶችም አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ሂዱ፤ ባለሙያዋ የሚጀምሩት ከዚያ ነው።