በርበሬ ይዛችሁ ወደ አሜሪካ የምትበሩ፣ ስሙኝ

ከአራት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ገብቼ ሦስት ሳምንት ስታዲየም አካባቢ እናቴ ቤት ከረምኩ። ማኪያቶው፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም ናፍቆኝ ነበር። ያንገበገበኝ አንድ ነገር ነው።

እናቴ በርበሬ አዘጋጀችልኝ። ዛላውን ቀንጥሳ፣ ደልዛ፣ በረንዳ ላይ አስጥታ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ጨምራ አስፈጨችው። 2 ኪሎ። እዚያው ሰፈር የመንገደኛ ዕቃ የሚያሽግ ሱቅ ወሰድኩት። "በእጅ ሻንጣ ይገባል ወይ?" ብዬ ሁለቴ ጠየቅኩ። "ምንም ችግር የለውም፣ ስንቱን አሽገናል" አለኝ ልጁ። 1,200 ብር ተቀበለኝ። ወንድሜ በኋላ ሲያጣራ ፒያሳ በ400 ያሽጋሉ። ከውጭ እንደመጣሁ አነጋገሬ አሳብቆብኛል መሰለኝ። ብሩስ ይሁን። ከሁለቱ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎቼ አንዱ 4 ኪሎ ይጎድለው ነበር እኮ! እውነቱን ቢነግረኝ እዚያ እከተው ነበር።

ቦሌ፣ ለአሜሪካ በረራ ተጨማሪ ፍተሻ አለ። ፈታሿ በርበሬውን አወጣችው። ከ350 ሚሊ ሊትር ማለትም ከአንድ ቆርቆሮ ለስላሳ የበለጠ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ሊከለከል ይችላል። ደንቡ የአሜሪካ ነው፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ሻንጣዎቼ ደግሞ ተጭነዋል። ከረጢቱን ስታነሳው ኮረሪማው ሸተታት። "የእናት ነው አይደል? አይዞሽ እህቴ" አለችኝ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው፤ ዓይኔ እያየ አልጣለችውም።

የምኖረው ሳን ፍራንሲስኮ ነው። የዚያ ኤርፖርት ፈታሾች የግል ድርጅት ሠራተኞች ናቸው፤ ደንቡንና ቁጥጥሩን መንግሥት ይዞታል። በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት ሥራ በከፊል ለ35 ቀን ሲቋረጥ፣ የመንግሥት ፈታሾች ያለ ደመወዝ ሲሠሩ የእኛዎቹ ይከፈላቸው ነበር። ስለዚህ ፍተሻ የግል ይሁን እያልኩ ከጓደኞቼ ጋር ስከራከር ኖሬያለሁ። አሁንም ደመወዛቸው ባይቋረጥ ደስ ይለኛል። ግን እዚያ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ "አይዞሽ" ያለኝ ፈታሽ የለም። ቦሌ ያለችው የመንግሥት ሠራተኛ ናት። የዋሸኝ የግል ሱቅ ነው።

በርበሬና ሽሮ የያዛችሁ፣ በሚጫነው ሻንጣ አድርጉት። አሻጊውን አትመኑ፣ አየር መንገዱን ጠይቁ። ወንድሜ ደረሰኙን ይዞ ሱቁ ሄዶ ነበር። "እኛ ማሸግ እንጂ ማሳለፍ ሥራችን አይደለም" አሉት። ብሩን አልመለሱም።