አንኢምፕሎይመንት «በትርፍ ወስዳችኋል» ብሎ ለጻፈባችሁ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በነጻ የሕግ ድጋፍ የምትሠራ አንዲት እህታችን አለች። ስሜን እንዳትጽፉ ስላለችን ቃሏን እናከብራለን፤ ሥራዋን ግን ሳናመሰግን ማለፍ ነውር ሆነብን። ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ሆቴል የሚያጸዱ፣ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን የኦቨርፔይመንት ደብዳቤ፣ ማለትም «የአንኢምፕሎይመንት (የሥራ አጥነት) ክፍያ በትርፍ ወስዳችኋልና መልሱ» የሚል ደብዳቤ ይዘው ሲመጡ፣ ደብዳቤ በማንበብና ቅጽ በመሙላት የምናግዝ ሰዎች ወደ እሷ እንልካለን። ደጃፏ መድረስ ለማይችልም እንዲጠቅም አሠራሯን እዚህ እናስቀምጣለን።

እህታችን ደብዳቤ ስትቀበል መጀመሪያ የምታየው የላከውን ስቴት፣ የተላከበትን ቀንና የተጻፈውን ምክንያት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ እየኖረ ዲሲ የሠራ ሰው ክፍያው የመጣው ከዲሲ ነው፤ ሙግቱም እዚያው ነው። ቀነ ገደቡም እንደየስቴቱ ነው። ዲሲና ሜሪላንድ ለይግባኝ 15 ቀን ይሰጣሉ፤ ቨርጂኒያ 30 ቀን፤ ሲያትል ያላችሁም የዋሽንግተን ስቴት ሕግ 30 ቀን ይሰጣችኋል። ዲሲ ላይ ቅዳሜና እሑድ ሳይቀነስ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተላከበት ቀን ነው። ፖስታ ሳጥን ባዶ ነው ብሎ መዘናጋት አይበጅም፤ ደብዳቤው ብዙ ጊዜ ማንም በማይከፍተው የኦንላይን አካውንት ውስጥ ተኝቶ ይገኛል። ቀኑ ያለፈበትም ቢሆን ይግባኙን ያስገባ፤ የዘገየበትን ምክንያት ከማስረጃ ጋር ያያይዝ። አድራሻ መቀየር፣ ሆስፒታል መተኛት፣ ደብዳቤው በማያነበው ቋንቋ መምጣቱ የሚታይ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚምታታበት ነገር አለ። ይግባኝና ዌቨር (ዕዳው እንዲቀርላችሁ መጠየቅ) አንድ አይደሉም። ይግባኝ የሚጠይቅ ሰው የሚለው «ገንዘቡ ይገባኝ ነበር» ወይም «ሒሳቡ ተሳስቷል» ነው። ዌቨር የሚጠይቅ ሰው ደግሞ «አይገባህም ብትሉኝ እንኳ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ ከእኔ መልሶ መውሰዱም ፍትሐዊ አይደለም» ይላል። ዌቨር ብቻ ያስገባ ሰው የገንዘቡን ልክ እንደተቀበለ ይቆጠርበታል፤ ይግባኝ ብቻ ያስገባም ቢሸነፍ ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ እህታችን ይግባኙን በቀነ ገደቡ ታስገባለች፤ ዌቨሩንም ጎን ለጎን ታዘጋጃለች። ደብዳቤው «ፍሮድ» የሚል ከሆነ ግን ይግባኙ የግድ ነው። ማጭበርበር ተብሎ የጸና ዕዳ በዌቨር አይሰረዝም፤ በፌዴራል ሕግ ቢያንስ 15 በመቶ ቅጣት ይታከልበታል፤ ሳይከፈል ከቆየም የፌዴራል ታክስ ሪፈንድን እስከ መውሰድ ያደርሳል።

የዕዳው ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያውን ለማግኘት በየሳምንቱ በሚሞላው ቅጽ ላይ የተጻፈ የትርፍ ጊዜ ሥራ ደሞዝ ነው። በሳምንት 20 ሰዓት በ18 ዶላር የሚሠራ ሰው በሳምንት 360 ዶላር ያገኛል። ደሞዙ በየሁለት ሳምንቱ ስለሚገባ በመጀመሪያው ሳምንት 0፣ በሁለተኛው ደግሞ እጁ የገባውን 610 ዶላር ይሞላል። ሁለት ስህተት ሠራ ማለት ነው። መሞላት ያለበት ቼኩ የመጣበት ሳይሆን ሥራው የተሠራበት ሳምንት ነው፤ መጠኑም ታክስ ከመቆረጡ በፊት ያለው ግሮስ ነው። ትክክለኛው 360 እና 360 ነበር፤ ቲፕ ካለም አብሮ ይቆጠራል። እህታችን እዚህ ላይ ብዙዎች የማያዩትን ታያለች፦ በመጀመሪያው ሳምንት ትርፍ ተከፍሎት ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት ጎድሎበታል። ሁለቱም ሳምንታት እንደገና ይሰሉ ብላ በጽሑፍ ትጠይቃለች።

የአንኢምፕሎይመንት መሥሪያ ቤቱም ይሳሳታል። አሠሪው በየሦስት ወሩ የሚያስገባውን ጠቅላላ ደሞዝ ለ13 ሳምንት አካፍሎ፣ ሥራ ባልተሠራበት ሳምንት ሁሉ እንደተሠራ የሚቆጥርበት ጊዜ አለ። ሚሺጋን ውስጥ ከ2013 እስከ 2015 ሚዳስ የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት በዚህ ዓይነት ሒሳብ ጭምር ወደ 40 ሺህ ሰዎችን በሐሰት አጭበርባሪ ብሏል፤ ስቴቱም በ2022 የ20 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ላይ ደርሷል። ኮምፒውተር አይዋሽም የምትሉ ይህን አስታውሱ። መድኃኒቱ ፔይ ስተብ (ከደሞዝ ጋር የሚሰጠው የሒሳብ ወረቀት) ነው፤ ከጠፋም የየሳምንቱን ሰዓትና ግሮስ ለይቶ የሚያሳይ ዝርዝር ከአሠሪው የደሞዝ ክፍል መጠየቅ።

ታክሲና ኡበር ለሚነዱ በግላቸው ለሚሠሩ ጭምር በኮቪድ ጊዜ የተሰጠው ፒዩኤ የተባለ የሥራ አጥነት ክፍያ የራሱ መዘዝ ነበረው። የሳምንቱ ክፍያ የሚሰላው ከወጪ ቀሪ ገቢ ላይ ሆኖ ሳለ ጠቅላላ ገቢውን የሞላ ብዙ ነው። በታኅሣሥ 27 ቀን 2020 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ሕግ ደግሞ የሥራ ማስረጃ አስገቡ አለ፤ ያላስገባው የወሰደውን መልስ ተባለ። ያው ሕግ ግን ስቴቶች የፒዩኤን ዕዳ በዌቨር እንዲሰርዙ ፈቀደላቸው። ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት የታክስ ቅጽ)፣ የኡበር ዓመታዊ ማጠቃለያ፣ የታክሲ ፈቃድ እዚህ ላይ ዋጋ አላቸው።

ሌላው የእኛ ሰው ችግር አገር ቤት መሄድ ነው። ክፍያው የሚሰጠው ሥራ ቢገኝ ዛሬ መጀመር ለሚችል ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ለቅሶ ወይም ሠርግ ላይ የተቀመጠ ሰው በእነዚያ ሳምንታት አይከፈለውም። ከዚያ የባሰው ወንድም ወይም ጓደኛ እዚህ ሆኖ በስሙ ሲሞላለት ነው፤ ይህ በቀጥታ ወደ ማጭበርበር ያስኬዳል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ማኅተም ቀኑን ስለሚያሳይ መካድ አይጠቅምም። የሚያዋጣው የተጓዘባቸውን ሳምንታት አምኖ፣ ያልተጓዘባቸው አብረው እንዳይጠየቁ ለይቶ መከራከር ነው።

ዌቨሩ ላይ እህታችን በጣም የምትጠነቀቀው ለደብዳቤው ቃል ነው። ሽማግሌ ፊት እንደምንቀርበው «ጥፋቴ ነው፣ ባለማወቅ ነው፣ ይቅር በሉኝ» ብሎ መጀመር ያሳደገን ወግ ነው። መርማሪው ግን የሚፈልገው ጥፋት አለ ወይስ የለም የሚለውን ነውና «ጥፋቴ ነው» የሚለውን አንብቦ ፋይሉን ሊዘጋው ይችላል። እሷ በትሕትና ታቃናዋለች፦ «ያለኝን መረጃ ሁሉ በጊዜው ሰጥቻለሁ፤ በዚህ ቀን ደውዬ ጠይቄ ይህን ተነግሮኛል፤ ቅጹ የተሰጠኝ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር።» በእርግጥ እውነት የሆነው ብቻ ነው የሚጻፈው፤ ያልደወለ ሰው ደውያለሁ አይልም።

ሁለተኛው ክፍል ገንዘብ ነው። የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራትና የውኃ ቢል፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ የሕክምና ዕዳ፣ የሕፃናት ማቆያ ክፍያ፣ የቅርብ ወራት የባንክ ስቴትመንት ይያያዛል። ገቢና ወጪው ሲደመር መዋሸት የለበትም። ገቢ 2,400 ብሎ ወጪ 3,900 የጻፈ ሰው ልዩነቱን በምን እንደሚሞላ ይጠየቃል፤ ክሬዲት ካርድ ከሆነ ስቴትመንቱ፣ ዘመድ ብድር ከሆነ የተላከበት ማስረጃ ይቅረብ። ለወላጅ የሚላከውን ገንዘብ «ሌላ ወጪ» በሚለው መስመር ከደረሰኝ ጋር ማስገባት ይቻላል፤ የሚቀበለው ሹም አለ፣ የማይቀበለውም አለ። ችግር ብቻ ሳይሆን ክፍያውን ተማምኖ የተወው ነገር ካለም ይጻፍ፤ ለምሳሌ ክፍያው ስላለ ሌላ እርዳታ ሳይጠይቅ ቀርቶ እንደሆነ።

ችሎት ከተቀጠረ አስተርጓሚ ነጻ ነው። ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ ነው፤ የዲሲን የአንኢምፕሎይመንት ይግባኝ የሚሰማው የአስተዳደር ችሎት ቢሮም አስተርጓሚ ያቀርባል። ይግባኙን ስታስገቡ ጠይቁ፤ ልጃችሁን አታስተርጉሙ። ሰዓት ስትናገሩ በአሜሪካ አቆጣጠር ይሁን። ጠዋት 2 ሰዓት ገባሁ ያለ ሰው መዝገቡ ላይ ከሌሊቱ 2 ሰዓት ገባ ተብሎ ተጽፎ፣ የአሠሪው መዝገብ ደግሞ 8 ሲል፣ ውሸታም መስሎ ይቀርባል። ይህን ጉድ እህታችን ከችሎቱ በፊት ታስጠናዋለች።

ክርክሩ እስኪያልቅ ሥራ ያላገኘ ሰው ሳምንታዊውን መሙላት አያቁም፤ ቢረታ ያልሞላው ሳምንት አይከፈለውም። ዌቨሩ ውድቅ ከሆነም ደብዳቤው ላይ የይግባኝ ቀን አለ ወይ ብላችሁ እዩ። ያም ካልሆነ የክፍያ ስምምነት ይጠየቃል፤ የሚችሉትን ወርኃዊ መጠን ከወጪ ዝርዝሩ ጋር ማቅረብ ዝም ከማለት ይሻላል።

ታክሱን በሚመለከት፦ እንድትመልሱ የምትጠየቁት 10 በመቶ ታክስ የተቆረጠበትም ቢሆን ሙሉውን ነው፤ እጃችሁ ያልገባው ጭምር። በዚያው ዓመት የመለሳችሁት 1099-ጂ (የተከፈላችሁን አንኢምፕሎይመንት የሚያሳየው የታክስ ቅጽ) ላይ ካለው ይቀነሳል። ቀድሞ በነበረ ዓመት የተቀበላችሁትን በሌላ ዓመት መልሳችሁ መጠኑ ከ3,000 ዶላር በላይ ከሆነ፣ የታክስ ሠራተኛችሁ በክሬዲት ወይም በተቀናሽ የትኛው እንደሚያዋጣ አስልቶ ይጠይቅላችሁ። የመክፈያ ደረሰኙን አትጣሉ።

የእሷ ጊዜ ውስን ነውና ሌሎቹንም እንጠቁማለን። ዲሲ ውስጥ በኤኤፍኤል-ሲአይኦ (የሠራተኛ ማኅበራት ኅብረት) የዋሽንግተን ምክር ቤት ሥር ክሌማንት አድቮኬሲ ፕሮግራም ለሠራተኛ በነጻ ይሟገታል። ሜሪላንድ ሠርታችሁ ከሆነ ሜሪላንድ ሊጋል ኤይድ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ሊጋል ሰርቪሴስ ኦፍ ኖርዘርን ቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተን ስቴት አንኢምፕሎይመንት ሎው ፕሮጀክት አሉ። ከዕዳው በመቶኛ የሚጠይቃችሁን ወይም የአካውንታችሁን ፓስዎርድ ስጡኝ የሚላችሁን ራቁ፤ እህታችን ሁለቱንም ጠይቃ አታውቅም። ስትሄዱ ደብዳቤውን ሁሉንም ገጽ ከነጀርባው፣ ፖስታውን፣ ፔይ ስተቡን፣ የሞላችሁትን የየሳምንቱን ቅጽ ከአካውንታችሁ አትማችሁ ያዙ።

እህታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እጅሽ አይንጠፍ።