የዮም ኪፑር ዋዜማ የዋትስአፕ ይቅርታ፦ ለማን ይሆናል፣ ለማን አይሆንም

«በማወቅም ባለማወቅም ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ።» እስራኤል ውስጥ ዮም ኪፑር (የአይሁድ የስርየት ቀን፣ ቤተ እስራኤል አስተስርዮ የሚሉት) ሊገባ ሲል ስልኩ ሁሉ በዚህ መልእክት ይጨናነቃል። ወጪ የለውም፣ ጊዜ አይፈጅም፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ያዳርሳል። ለሩቅ ወዳጅና ለሥራ ባልደረባ ጥሩ የበዓል ሰላምታ ነው። ለእውነተኛ ቅያሜ ግን አይረባም።

ከጽሑፉ አናት ላይ ያለችው ጥንድ ቀስት መልእክቱ ብዙ እጅ ዞሮ እንደመጣ ታሳብቃለች። በትክክል የተበደለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ግሩፑ ውስጥ የለም፤ ተቀይሞ ወጥቷል ወይም ቁጥራችሁን ዘግቶታል። ከሁሉ የሚብሰው በደሉ አለመጠራቱ ነው። በሚሽና (በጥንቱ የአይሁድ የሕግ መድበል)፣ ዮማ ምዕራፍ 8 ላይ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ቀኑ በሰውና በፈጣሪ መካከል ያለውን ያስተሰርያል፤ በሰውና በሰው መካከል ያለውን ግን በዳዩ ከተበዳዩ ጋር ካልታረቀ አያስተሰርይም።

ስለዚህ ደውሉ፤ የሚቻል ከሆነ ሂዱ። ያደረጋችሁትን ለይታችሁ ተናገሩ፤ ዝርዝሩ ራሱ ተበዳዩን የሚያሳፍር ከሆነ ብቻ በደፈናው ይበቃል። ገንዘብ ካለበት መጀመሪያ ክፈሉ፤ ከከፈላችሁም በኋላ ይቅርታ መጠየቁ አይቀርም። እምቢ ካለ፣ በረምባም (ማይሞኒደስ፣ የመካከለኛው ዘመን የአይሁድ ሕግ ሊቅ) ድንጋጌ መሠረት ሦስት ወዳጆቹን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ እንዲህ እያላችሁ እስከ ሦስት ዙር። ሽማግሌ መላክ ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ከዚያ በኋላ ተዉት፤ ጥፋተኛው አሁን እምቢ ያለው ነው። ተበዳዩ መምህራችሁ ከሆነ ግን ሺህ ጊዜም ቢሆን መመላለስ አለ።

ለተቀባዩ መልእክቱ የባሰ ወጥመድ ነው። አውራ ጣት መላክ ቀላል ነው፣ ቂሙ ግን ባለበት ነው። «ይቅር ብዬሃለሁ፤ እኔ እንዳንተ አይደለሁም» የሚል መልስ ደግሞ ታልሙድ (ሚሽናን የሚተነትነው የሊቃውንት መጽሐፍ) ቂም ብሎ የሚጠራው ራሱ ነው፦ ትናንት መጥረቢያ የከለከለህ ሰው ዛሬ ልብስ ሊዋስ ሲመጣ «እንካ፣ እኔ እንዳንተ አልከለክልም» ማለት። ልብሱን ሰጥተሃል፣ ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥18ን ግን ጥሰሃል። ከዚያው በፊት ያለው ቁጥር መንገዱን ያሳያል፦ በልብህ አትጥላው፣ ንገረው።

ቂምን ለመልቀቅ ከዋትስአፑ ይልቅ የመኝታ ሸማዕ («እስራኤል ሆይ ስማ» የሚለው፣ ከመተኛት በፊት የሚባል ጸሎት) ይሻላል። በብዙ የጸሎት መጻሕፍት ከሸማዑ በፊት ያስቀየመኝን፣ ያናደደኝን፣ በገንዘቤም በክብሬም የበደለኝን ሁሉ ይቅር ብያለሁ የሚል አንቀጽ አለ። አጭር ነው፣ በየሌሊቱ ይባላል፣ ቂሙም ዓመት ሙሉ አይጠራቀምም። ከኮል ኒድሬ (ከዮም ኪፑር ምሽት መክፈቻ ጸሎት) በፊት የሚባለው ተፊላ ዛካ የተሰኘ ጸሎት ይበልጥ ጠንቃቃ ነው፤ በሕግ ሊጠየቅ የሚችል ገንዘብንና «ልበድለው፣ ይቅር ይለኛል» ብሎ የሚበድልን ሰው ከምሕረቱ ውጭ ያደርጋል። ይቅር ብላችኋልና ያበደራችሁት ገንዘብ ይቀራል ማለት አይደለም።

ተበዳዩ ሞቶ ከሆነ አሥር ሰው ይዞ መቃብሩ ላይ በደሉን መናዘዝ፣ ዕዳውንም ለወራሾቹ መክፈል ነው። ወራሽ የማይታወቅ ከሆነ ገንዘቡ በቤት ዲን (በአይሁድ የሃይማኖት ፍርድ ቤት) ይቀመጣል።