ከከዚራ የገዛሁት አጃ

ድሬ ላይ በሙቀቱ ወራት ጠዋት ምድጃ መለኮስ ይከብዳል። ገና 1 ሰዓት ሳይሞላ ወጥ ቤቱ ይግላል። ስለዚህ ከሚያዝያ ጀምሮ ቁርሳችንን የምሰራው ማታ ነው። አጃ በወተት ዘፍዝፌ ፍሪጅ ውስጥ አሳድራለሁ፤ ለእኔና ለአባዬ። አባዬ ስኳር አለበት። ዕድሜውን ምድር ባቡር ሲሰራ የኖረ ሰው ነው፤ ለእሱ ቁርስ ማለት ፉልና ትኩስ ዳቦ ነው።

አጃው የትኛው እንደሆነ ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ ከቀፊራ ገበያ ለአጥሚት የሚሸጠውን ክክ አጃ ገዛሁ። ሌሊቱን ሙሉ ተዘፍዝፎ ጠዋት ጥርስ ላይ ኳ ይል ነበር፤ የአባዬ ጥርስ ደግሞ ይህን አይችልም። ቀጥሎ በቆርቆሮ የሚመጣውን፣ ቶሎ የሚደርሰውን ሞከርኩ። እሱ ደግሞ ሙቅ ሆኖ አደረ። በሦስተኛው ከከዚራ ሰፈር አንድ ሱቅ ጠፍጣፋውን፣ ባለ 500 ግራሙን አመጣሁ። ይኼ ነው ልክ! ቅርጹን ሳይለቅ ይለሰልሳል፣ ሲያኝኩትም ይሰማል። ጠፍጣፋው አጃ ፋብሪካ ውስጥ በእንፋሎት ከበሰለ በኋላ ነው የሚዳመጠው፤ ያለ እሳት የሚበላውም ለዚህ ነው። ዋጋው ከክኩ ከፍ ይላል፤ እኔ ግን አይቆጨኝም።

ለአንድ ሰው ግማሽ ኩባያ አጃ፣ 40 ግራም ገደማ፣ ይበቃል። ወተቱን ትንሽ አስበልጬ አፈስበታለሁ፤ አንድ ማንኪያ እርጎ እጨምራለሁ። ስኳር የለም። ለእኔ ሦስት ተምር ፍሬውን አውጥቼ እከትፍበታለሁ፣ ለአባዬ አንድ ብቻ። የባቢሌ ኦቾሎኒ ቆልቼ ወቅጬ ጠዋት ነው የምነሰንስበት። ማታ ከገባ ይልፈሰፈሳል። አንዳንዴ የግመል ወተት አገኛለሁ። አፍልቼ፣ በደንብ አቀዝቅዤ ነው የምጠቀምበት። ጨው ጨው የሚል ጣዕሙ ከተምሩ ጋር እንዴት እንደሚሄድ! ቀምሳችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል።

አባዬ የመጀመሪያ ቀን ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «አቦ፣ ቀዝቃዛ ገንፎ ነው እንዴ የምታበይኝ?» አለኝ። አልተጨቃጨቅኩም። «እማዬ አራስ ሆና የጠጣችው አጥሚት እኮ ከዚሁ ከአጃ ነው» አልኩት። ዝም ብሎ በላ። በአምስተኛው ቀን ብርጭቆውን በማንኪያ አሟጦ፣ «የነገውንስ ዘፈዘፍሽው?» ብሎ ሲጠይቀኝ እንባዬ መጣ። ድሮ 4 ሰዓት ላይ ብስኩት ይፈልግ ነበር፤ አሁን እስከ ምሳ ይቆይለታል። አጃ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር (ፋይበር) አለ። ሆድ ውስጥ ውሃ ይዞ ይወፍርና ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። በቀን 3 ግራም ያህል ከተገኘ ኮሌስትሮልንም ይቀንሳል። መድኃኒቱን ግን አይተካም፤ አባዬ ክኒኑን አላቋረጠም።

አንድ ጊዜ ተናድጃለሁ። ከሌላ ሱቅ የገዛሁት ፓኬት ቤት ስከፍተው የቆየ ዘይት ሸተተኝ። ገልብጬ ሳየው ቀኑ ካለፈ ወራት ሆኖታል። ባለሱቁ አልመልስም አለኝ። ለታመመ ሰው የሚገዛ ምግብ እንዲህ ሲሸጥ በጣም ያሳዝናል። ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሳላነብ ገንዘብ አላወጣም።

ሌላው ችግር መብራት ነው። በድሬ ሙቀት ወተት ያለበት ነገር ከፍሪጅ ውጭ አያድርም። ማታ መብራት ከሄደ አልዘፈዝፍም። ንጋት 11 ሰዓት ተነስቼ ያን ጊዜ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩት ወተት ውስጥ እነክረዋለሁ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ለስልሶ ይጠብቀናል። ፍሪጅ ውስጥ ያደረውንም ከሁለት ቀን አላሳልፈውም።

የከዚራውን ሱቅ ያሳየችኝ ጎረቤታችን ናት። እሷ አጃውን የምትገዛው ለረመዳን ሾርባ ነው። በጾሙ ሰሞን ሁሉም ስለሚገዛ መደርደሪያ ላይ አይቆይም፣ ሁልጊዜ አዲስ ነው አለችኝ። እኔም በዚያ ሰሞን ነው ሦስት አራት ፓኬት የምይዘው። አንዱን ለእሷ አደርሳለሁ።